ምዕራፍ ሰባት፦ የሚስቀው ረድፍ

ዘጠነኛ ክፍል ስንማር ከፊቴ ባለው ዴስክ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ምሳውን በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቆሎ ነው፤ ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት። አንድ ቀን መምህር እስኪገባ ስንጠብቅ አንዱ ከኋላው መጥቶ ፌስታሉን ነጠቀውና ወደ ላይ አንጠለጠለው። ልጁ ሊቀበለው ሲዘል ፌስታሉ ተተረተረ። ቆሎው በሲሚንቶው ወለል ላይ እየተንጣጣ በየዴስኩ ሥር ገባ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁ በርከክ አለና መልቀም ጀመረ፤ ገብሱን እየተወ ሽምብራ ሽምብራውን ብቻ። ለምን እንደሚመርጥ ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም።

የነጣቂው ስም ጠፍቶብኛል፤ ፊቱም ደብዝዟል። ያልጠፋኝ ሳቁ ነው፣ ምክንያቱም እኔም ስቄያለሁ። የተበተነ ቆሎ የሚያስቅ ነገር ሆኖ አይደለም። ዞር ስል ሁሉም ይስቃል፤ እኔም ሳቅሁ።

ይህ ምዕራፍ ስለ ነጣቂው ጥቂት፣ ስለ ቆሎው ባለቤት ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ስለ ሳቀው ክፍል ግን ብዙ ያወራል። በምዕራፍ አራት ስለ ይሉኝታ ስናነሳ፣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመራው በራሱ ሐሳብ ሳይሆን «ሌላው እንዲህ ያስባል» ብሎ በሚገምተው ነው ብለን ነበር። ያን ሐሳብ ይዘነው ወደ ትምህርት ቤት ግቢ እንገባለን። የምናወራበት ቦታ ፓዌ ነው፤ ለምን ፓዌ እንደሆነ መሐል ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ፉገራው የት ላይ ያበቃል?

አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አላጣም፤ እንዲያውም በዝቶበታል። ማብሸቅ፣ ማንጓጠጥ፣ ማሽሟጠጥ፣ ማሸማቀቅ፣ መልከፍ አለ። የዛሬ ልጆች ደግሞ «ሙድ ያዙበት» ይላሉ። ችግሩ እነዚህ ቃላት ጨዋታውንም ጉዳቱንም በአንድ ቁና መስፈራቸው ነው። ለዚህ ነው መምህሩ «የልጆች ጨዋታ ነው፣ ተዋቸው» ሲል አንዳንዴ ልክ የሚሆነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ክፉኛ የሚሳሳተው። እኔ በዚህ ምዕራፍ ለጉዳቱ «ማሸማቀቅ» የሚለውን እጠቀማለሁ። ልጁ የሚደርስበትን በደንብ የሚያሳየው እሱ ነውና፤ ትከሻ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ አንገት ሲያጥር፣ ሰው ከቁመቱ በታች ሲሆን።

የዚህ ጥናት አባት ተብሎ የሚጠራው ዳን ኦልቬዩስ ነው። ስዊድን ተወልዶ ዕድሜውን በአብዛኛው በኖርዌይ የሠራ የሥነ ልቦና ሰው ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባደረጋቸው ጥናቶች ማሸማቀቅን ከተራ ጥል የለየው በሦስት ምልክት ነው፦ ለመጉዳት ታስቦ የሚደረግ ነው፣ ይደጋገማል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ኃይል እኩል አይደለም። ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ሁለት ወይፈኖች ቀንድ ለቀንድ ሲጋጠሙ ጥል ነው፤ ተገፋፍተው ተገፋፍተው ይለያያሉ። አንድ ኮርማ አንዲትን ጥጃ በየቀኑ ከውኃው ዳር ሲያባርር ግን ሌላ ነገር ነው፣ እረኛ ካልገባ በራሱ አያቆምም።

በጓደኛሞች ፉገራና በማሸማቀቅ መካከል ያለውን ድንበር ለማግኘት እኔ አንዲት ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ ልጁ መልስ ቢሰጥ ምን ይደርስበታል? ፎጋሪውን መልሶ ፎግሮት ሁለቱም ተያይዘው ሻይ የሚጠጡ ከሆነ ጨዋታ ነው። መልስ መስጠት የማይችል፣ ወይም መልስ በመስጠቱ ነገ የባሰ የሚመጣበት ከሆነ ጨዋታው አልቋል።

ኃይል ሲባል ደግሞ ጡንቻ ብቻ አይደለም። አሥር ጓደኛ ያለው አንድ ጓደኛ በሌለው ላይ ኃይል አለው። የክፍሉን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር በሚንተባተበው ላይ፣ የከተማው ልጅ ቤት ተከራይቶ በሚማረው የገጠር ልጅ ላይ፣ ወንዱ ብቻዋን ወደ ቤቷ በምትሄድ ሴት ልጅ ላይ ኃይል አለው።

ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል

ስካንዲኔቪያኖች ነገሩን መጀመሪያ የሰየሙበት ቃል «ሞቢንግ» ነው፤ መንጋ ሆኖ አንዱን መውረር እንደ ማለት። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1969 በስዊድን ያስተዋወቀው ፔተር ፖል ሃይነማን የሚባል ሐኪም ሲሆን፣ ለመጻፍ የገፋፋው የራሱ ቤት ጉዳይ ነበር፦ ጥቁር የማደጎ ልጁ በእኩዮቹ የሚደርስበት ነገር። ኦልቬዩስ በኋላ «የምን መንጋ፣ ሥራው የጥቂት ልጆች ነው» ብሎ ተከራከረው። ሁለቱም ከፊል እውነት ነበራቸው። ክርክሩን በቁጥር ያሳረፈችው ፊንላንዳዊቷ ክሪስቲና ሳልሚቫሊ ናት።

ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት 573 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጠየቁ። ጥያቄው «ማን ያሸማቅቃል?» በሚለው ብቻ አላበቃም፤ አንድ ልጅ ሲሸማቀቅ ሌላው ምን ያደርጋል የሚልም ነበረው። የመጣውን ውጤት እኔ ወደምናውቀው ክፍል ልመንዝረው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል በእነሱ ስሌት አሸማቃቂዎቹ አምስት ያህል ናቸው። አብረው የሚይዙና የሚያግዙ አራት። የማይነኩ ነገር ግን የሚስቁ፣ ለማየት የሚሰበሰቡ፣ «በለው!» የሚሉ አሥራ ሁለት። ዓይናቸውን አዙረው ደብተራቸው ላይ የሚያቀረቅሩ አሥራ አራት። ለተጠቂው የሚያዝኑና የሚያግዙ አሥር። ተጠቂዎቹ ራሳቸው ሰባት። የቀሩት ስምንቱ የተለየ ሚና አልተገኘላቸውም።

ፊንላንድ ፓዌ አይደለችም፤ ቁጥሩ ቃል በቃል ይሠራል ብዬ አልከራከርም። ግን አምስቱን ከሌላው ጋር አስተያዩት። ትምህርት ቤት ችግር ሲፈጠር የሚጠራው፣ የሚቀጣው፣ «ወላጅ አምጣ» የሚባለው ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ ነው። የሚስቁት አሥራ ሁለቱና ያቀረቀሩት አሥራ አራቱ ግን በማንም መዝገብ ላይ የሉም። ለአምስቱ ደግሞ ደመወዙን የሚከፍሏቸው እነሱ ናቸው። ፌስታል የሚነጥቅ ልጅ ቆሎ ርቦት አይደለም፤ የሚፈልገው ሳቁን ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያን ፌስታል ይነጥቅ ነበር? አይመስለኝም።

ለዚህ የካናዳ ተመራማሪዎች ማስረጃ አላቸው። ዴብራ ፔፕለርና ዌንዲ ክሬግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በትምህርት ቤት ሜዳዎች ላይ ልጆችን በካሜራና ልብስ ላይ በተሰካ ማይክሮፎን ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ፣ ማሸማቀቅ ከታየባቸው አጋጣሚዎች ውስጥ በመቶ 88ቱ ላይ ሌሎች ልጆች ቆመው ያዩ ነበር። ከእነዚያ ተመልካቾች አንዱ ጣልቃ የገባው በመቶ 19ኙ ላይ ብቻ ነው። ጣልቃ ሲገቡ ግን ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ፣ በመቶ 57ቱ ላይ፣ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆመ።

አሥር ሰከንድ። ጫማ አስሮ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም።

ወደ ቆሎው ልመለስ፤ ታሪኩ ሳቁ ላይ አላበቃምና። በሦስተኛው ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ከዴስኳ ወጣች። ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ፣ ምክር የለ። ልጁ አጠገብ ቁጢጥ አለችና ትለቅም ጀመር፤ እሷ ገብሱንም አልተወችም። ሳቁ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ቆመ። ነጣቂው እጁ ላይ የቀረውን ቁራጭ ፌስታል ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆሞ ነበር።

ጭሱና ይሉኝታው

ታዲያ እኔ ለምን አልተነሳሁም? ክፉ ልጅ አልነበርኩም ብዬ አስባለሁ። በጉዳዩ ላይ ብጠየቅ «ነውር ነው» ማለቴ አይቀርም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ አሜሪካውያን ያደረጉት ሙከራ መልስ የሚሆን ይመስለኛል። ተማሪዎችን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው መጠይቅ ያስሞላሉ። ጥቂት ቆይቶ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ይገባል። ብቻቸውን ከተቀመጡት በመቶ 75ቱ ተነስተው ወጥተው ተናገሩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ብለው ከሚጽፉ ሁለት ሰዎች ጋር የተቀመጡት ግን (ሁለቱ ሆን ተብለው የተቀመጡ ናቸው) የተናገሩት በመቶ 10ሩ ብቻ ናቸው። የቀሩት ዓይናቸውን እያሻሹ፣ ጭሱን በእጃቸው እየመለሱ መጠይቁን መሙላት ቀጠሉ።

ይህ እኛ ይሉኝታ የምንለው ነው። እያንዳንዱ በውስጡ «የሚቃጠል ነገር አለ» ይላል፤ ጎን ያለውን ሲያይ ግን ረጋ ብሏል። «እሱ ካልደነገጠ እኔ ልደነግጥ ነው?» ያ የረጋ የሚመስለውም እኮ የሚያየው እኛን ነው! ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ አርባው «ይሄ ነገር ደስ አይልም» እያለ በልቡ ቢያስብ፣ አርባውም ግን ብቻዬን ነኝ ብሎ ቢገምት፣ የክፍሉ ሕግ ሆኖ የሚቀረው የአምስቱ ልጆች ፍላጎት ነው። ሳቅ ደግሞ ከዝምታ የባሰ ምስክር ነው። እኔ የሳቅሁት ከነጣቂው ጋር ተስማምቼ አይደለም፤ ሳቄ ግን ለጎረቤቴ «ይኼ ተስማምቷል» የሚል ማስታወቂያ ሆነ።

ዛሬ ይህ ረድፍ በክፍሉ ግድግዳ አያበቃም። የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚደረደሩት ሳቂ ቢጫ ፊቶች የዚያው ረድፍ ቀጣይ ወንበሮች ናቸው። ልዩነቱ ተጠቂው እየቆጠራቸው ማደሩ ነው።

ለምን ፓዌ?

ፓዌን የመረጥኩት ከሌላው ቦታ የከፋ ስለሆነ አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት ስንት ዓይነት ሰው እንደሚያገናኝ ከፓዌ በላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ቦታ ስለማላውቅ ነው።

ፓዌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በበለስ ሸለቆ ይገኛል። ከ1977ቱ ድርቅ ማግሥት የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌላም ቦታ ሕዝብ አምጥቶ አሠፈረበት፤ ቁጥሩ ከ80 ሺህ በላይ ነበር። በጣሊያን ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተከፈተ፣ ሳሊኒ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ ሠራበት፣ ሆስፒታል ተሠራ፣ መንገድ ወጣ። 1983 ላይ መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ፤ ሰዉ ግን ቀረ። መሬቱም ሲጀመር ባዶ አልነበረም። ጉሙዞች ይኖሩበት ነበር፤ ሽናሻና አገው ጎረቤት ናቸው። ሰፈራው ለመጣው ሕይወት ማትረፊያ ሲሆን ለነባሩ መሬት ማጣት ነበር። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለዋል። ስለ ፓዌ ልጆች ስናወራ ይህን መዝለል አንችልም።

የሰፈራ መንደሮቹ ስም አልወጣላቸውም፤ ቁጥር ነው የተሰጣቸው። «የት ነው ቤታችሁ?» ስትሉ «መንደር 7» ወይም «መንደር 49» ትባላላችሁ። ሕፃኑ በመንደሩ ትምህርት ቤት ከአጎቱ ልጅ፣ ከጎረቤቱ፣ ጥምቀትን ወይም ዒድን አብሮት ከሚያከብር ጋር ይማራል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ሁሉም መንደር አንድ ግቢ ይገናኛል። አማርኛው የወሎ ቃና ያለው፣ ቤቱ ሐዲይኛ የሚያወራው፣ ጉሙዝኛ አፉን የፈታበት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ማለት የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ገበያተኛ ማታ ወደ ቤቱ ይበተናል፣ ተማሪ ግን አራት ዓመት እዚያው ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ለማሸማቀቅ የሚሆን ዕቃ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ቃና አለ፣ የቆዳ ቀለም አለ፣ የመጣህበት አገር አለ፣ የመንደርህ ቁጥር ራሱ አለ። ስድቦቹን እዚህ አልጽፋቸውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እነዚህን ስሞች ራሱ አልፈጠራቸውም። ቡና ሲፈላ ሰምቷቸው፣ ጠላ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ሰምቷቸው፣ ከደብተሩ ጋር በቦርሳው ከትቷቸው የመጣ ነው። ትምህርት ቤቱ ብቻውን አያጸዳቸውም የምለው ለዚህ ነው።

ፓዌ ሌላም ነገር ታውቃለች፤ ወባን። ደጋ የለመዱት ሰፋሪዎች ቆላ ሲወርዱ መጀመሪያ ከተቀበሏቸው ነገሮች አንዷ እሷ ነበረች፤ ብዙ ሰውም ጨርሳለች። ትንኝን በጭብጨባ እየገደለ ወባን ያጠፋ ሰው የለም። አጎበር ይሰቀላል፣ ያቆረ ውኃ ይፋሰሳል፤ አንድ ቤት አፋስሶ ጎረቤቱ ካላፋሰሰም ድካም ነው። አንድን አሸማቃቂ ጠርቶ ማንበርከክ ጭብጨባው ነው። አንዷ ትሞታለች፣ ኩሬው ሌላ ይፈለፍላል። ኩሬው የሚስቀው ረድፍ ነው።

አበል የሌለበት ዐውደ ጥናት

ዐውደ ጥናት ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ባነር፣ የፕላስቲክ ውኃ፣ «የተከበራችሁ ተሳታፊዎች» እና የአበል ፊርማ ነው። የክብር እንግዳው ንግግር አድርገው ይወጣሉ፣ አሠልጣኙ ፓወር ፖይንቱን ያነባል፣ ተማሪው ያጨበጭባል። እንዲህ ባለው ቀን ማንም ተለውጦ አይወጣም፤ ምክንያቱም ማሸማቀቅ ነውር መሆኑን ያላወቀ ተማሪ ሲጀመርም የለም። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፣ ልምምድ ነው። ዋና በንግግር አይለመድም።

በፓዌ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናዘጋጅ ብንልስ? ጊዜውን በመምረጥ እንጀምራለን። ሰሊጥ ሲደርስ ወላጅን ስብሰባ የሚጠራ ሰው ገበሬን አያውቅም፤ ሰሊጥ ቀን ካለፈበት ፍሬው ይረግፋል። ጥር ላይ ይሁን።

መጀመሪያ የሚሠራው ካርታ ነው። ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ ሆነው ግቢውን በትልቅ ወረቀት ላይ ይሥላሉ፦ ክፍሎቹን፣ ሰንደቅ ዓላማ መስቀያውን፣ ቧንቧውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሜዳውን፣ በሩንና ከበሩ የሚነሱትን መንገዶች። ከዚያ እያንዳንዱ እፍኝ የበቆሎ ፍሬ ይሰጠውና መሄድ የሚፈራበት፣ ወይም ሌላው ሲሸማቀቅ ያየበት ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ማንም ማንንም አይከስም፣ ስም አይነሳም፣ ፍሬ ብቻ ነው የሚናገረው። የሴቶቹ ካርታና የወንዶቹ ካርታ ጎን ለጎን ሲዘረጋ ክምሩ በአንድ ቦታ የሚያርፍ አይመስለኝም። ሽንት ቤቱ መንገድ ላይ ስንት ፍሬ አለ? ሰልፉ ረጅም የሆነው ቧንቧ ጋስ? ከግቢው ውጭ፣ ወደ መንደሮቹ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚቆለለውን ርዕሰ መምህሩ ቆም ብሎ ቢያየው ደስ ይለኛል፤ ያ ክምር የእሱ ሥልጣን ካበቃበት ይጀምራልና።

ቀጥሎ ሥራውን የሚይዘው ክበብ እነማንን ያቅፍ የሚለው ይመጣል። በልማድ የሚመረጡት የደረጃ ተማሪዎች፣ የክፍል አለቆችና የሥነ ምግባር ክበብ አባላት ናቸው፤ ባጭሩ መምህሩ የሚወዳቸው። እዚህ ላይ የፕሪንስተኗ ተመራማሪ ኤሊዛቤት ፓላክ የሠራችው ሥራ ዓይን ይከፍታል። ከባልደረቦቿ ጋር በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ግዛት በ56 ትምህርት ቤቶች፣ ከ24 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል፣ ለእያንዳንዱ «ጊዜህን ከማን ጋር ማሳለፍ ትመርጣለህ?» የሚል ጥያቄ አቀረቡ። ከመልሱ ብዙ ዓይን የሚያርፍባቸው ልጆች ታወቁ፦ ጎበዙም፣ ረባሹም፣ ቀልደኛውም። ፕሮግራሙ በተካሄደባቸው ትምህርት ቤቶች የተመረጡት ጥቂት ልጆች የራሳቸውን መፈክር እየጻፉ፣ መልካም ሲሠራ ላዩት ተማሪ ብርቱካናማ የእጅ አንባር እየሰጡ ዓመቱን ቆዩ። በዓመቱ መጨረሻ በተማሪዎች መካከል በተፈጠረ ግጭት የተመዘገበው የሥነ ምግባር ክስ ካልተካሄደባቸው ጋር ሲነጻጸር በመቶ 30 ቀነሰ። ከተመረጡት መካከል ብዙ ዓይን የሚያርፍባቸው በበዙበት ትምህርት ቤት ደግሞ ውጤቱ በረታ።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ ክፍሉን የሚያስቀው ልጅ ከክበቡ ውጭ ከቀረ ክበቡ ዋጋ የለውም ማለት ነው። እሱ አንድ ቀን «እረ ተወው፣ አይጥምም» ቢል፣ የሥነ ምግባር መምህሩ ከሚሰጡት የአንድ መንፈቅ ምክር ይበልጣል። መምህራን ይህን ሐሳብ አይወዱትም፤ «ረባሽን መሸለም ነው» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ግን ይሉኝታ የሚሠራው በሚታዩ ሰዎች ነው እንጂ በደህና ሰዎች አይደለም።

ከዚያ ልምምድ። ሚኒ ሚዲያውና የድራማ ክበቡ እዚህ ይጠቅማሉ። አጭር ጭውውት ይሠራል፤ ፌስታል ይነጠቃል። ጥያቄው «ትክክል ነው ወይስ ስህተት?» አይደለም፤ «አንተ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ነህ፤ በመጀመሪያው አሥር ሰከንድ ምን ታደርጋለህ?» ነው። ጀግና አንፈልግም። አሸማቃቂውን ፊት ለፊት መጋፈጥ አደገኛ ነው፣ ለአዲስ ጥልም ይጋብዛል። የምንለማመደው ትንንሹን ነው። አለመሳቅ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል፤ ሞክሩት፣ ከባድ ነው። ተጠቂው አጠገብ ሄዶ መቆም። «ና እስኪ፣ ያን የሒሳብ ደብተር አምጣልኝ» ብሎ ከመሐል ማውጣት። ያም ካልሆነ ማታ መንገድ ላይ ደርሶበት «ያደረጉብህ ነገር ደስ አላለኝም» ማለት። ይቺ የመጨረሻዋ ምንም የማትመስል ናት፤ ለተሸማቀቀው ልጅ ግን ክፍሉ ሙሉ ጠላት እንዳልሆነ የምታሳይ የመጀመሪያ ማስረጃ ናት።

ፊንላንዶች በሳልሚቫሊ መሪነት ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት ኪቫ የተባለ ፕሮግራም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። «ኪቫ» በቋንቋቸው «ደስ የሚል» ማለት ነው፤ «ማሸማቀቅን በመቃወም» የሚለው ሐረግ ሲያጥርም ኪቫ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዐውደ ጥናቱን አውጫጭኝ አታድርጉት። በድሮው አውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ይጠየቅ ነበር። ለጠፋ በሬ ሊሠራ ይችላል። ልጅን በሰልፍ ፊት አቁሞ «እሱ ነው የሚያሸማቅቀው» ማለት ግን ያው ረድፍ እንደገና እንዲስቅ ትኬት መቁረጥ ነው፤ የተለወጠው የሚሳቅበት ሰው ብቻ ነው። አሸማቃቂውን ለብቻ፣ በር ዘግቶ፣ በእርጋታ ማነጋገር ይበቃል።

ከአጥሩ ውጭ

የበቆሎው ክምር መንገዱ ላይ ካረፈ ጉዳዩ የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከሩቅ መንደር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ማታ የሚያገኟቸው ብቸኛ ትልቅ ሰው አከራይዋ ናቸው። እትዬ እገሌ ልጁ ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አለመሄዱን ከርዕሰ መምህሩ ቀድመው ያውቃሉ። ማን ስብሰባ ጠርቷቸው ያውቃል? እድሩ አለ፣ ደብሩ አለ፣ መስጊዱ አለ። ከወሎ የመጡት አበጋር የሚሉት አስታራቂ፣ ጉሙዞች ማንጌማ የሚሉት የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። እነዚህ ለደም የተሠሩ፣ ለከባድ ነገር የሚጠሩ ናቸው፤ ለተነጠቀ ፌስታል ሽማግሌ ይጠራ አልልም። የእነሱ ድርሻ ሌላ ነው፦ በየቡናው የሚባለውን ስም በየቡናው ማስቆም።

ድሮ አንድ መንገደኛ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ቢደርስ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ የተነሳ ዱላ ይወርዳል። ተናጋሪው ዳኛ አይደለም፣ ጉልበትም ላይኖረው ይችላል። ቃሉን ያስከበረው ሌላው ሁሉ እንደሚያከብረው መታወቁ ነው፤ ዱላውን ያላወረደ ከመንገደኛው ጋር ሳይሆን ከአገሩ ጋር ይጣላል። ያቺ ገብሱንም ሽምብራውንም የለቀመች ልጅ ያለ ድምፅ ያለችው ይህን ነበር።

አንድ ቅር የሚለኝን ልጨምር። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው። አለንጋና የጎማ ቁራጭ ግን ከስንቱ ቢሮ ጥግ ገና አልጠፉም። በዱላ የሚያስተምር ትምህርት ቤት «በጉልበት ደካማን አትንኩ» ቢል ማን ይሰማዋል? ኡጋንዳ ውስጥ በሉዌሮ ወረዳ በ42 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሞከረ ፕሮግራም ነበር። ተማሪ፣ መምህር፣ አስተዳደርና ማኅበረሰቡ አንድ ላይ የትምህርት ቤቱን ባህል እንዲቀይሩ የሚጋብዝ ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ተመታን ያሉት ተማሪዎች ፕሮግራሙ ባልነበረበት በመቶ 49 ገደማ ሲሆኑ፣ በነበረበት በመቶ 31 ሆኑ። በመቶ 31 አሁንም ብዙ ነው። ያም ሆኖ በሀብት ብዙም በማይበልጠን አገር የተገኘ ልዩነት ነው።

መጋቢት ላይ ያው ካርታ እንደገና ይዘረጋል፤ እፍኝ በቆሎም ይታደላል። እስከዚያ የሚመዘገበው ቅሬታ ቢጨምር ርዕሰ መምህሩ አይደንግጥ፤ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ሲጀምሩ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው። የሚታየው ክምሩ ነው። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተነስቶ ወደ ቧንቧው ሰልፍ ከዞረ ክበቡ ልምምዱን እዚያ ቧንቧው ጋ ይሠራል። አጥሩን ተሻግሮ መንገዱ ላይ ከተቆለለ ደግሞ ወረቀቱ ይጠቀለልና ቀጣዩ ስብሰባ በእድሩ ድንኳን ይሆናል፤ አከራዮቹም ይጠራሉ፣ የኋላ ወንበሩ ቀልደኛም ካርታውን ይዞ ይመጣል።